ባለቤት የሚለይ ደረጃ፦ የጤና ተቋማት ቁጥጥር በጅማና በዙሪያዋ የቡና ከተሞች

በኢትዮጵያ ከተሞች በክሊኒክ ወይም በመድኃኒት መደብር በር ላይ «ታሽጓል» የሚል፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ወረቀቱ ሲለጠፍ ጎረቤት ያያል፤ ታካሚ ያያል፤ በዚያው መንገድ ላይ ያሉ ሌሎች የግል ተቋማት ባለቤቶችም አይተው የጎደለባቸውን ለማሟላት ይሯሯጣሉ። ይኸው ወረቀት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በር ላይ ተለጥፎ አየሁ የሚል ሰው ግን ማግኘት ይቸግራል። ጤና ጣቢያዎቹ ሁሉ ደረጃቸውን ስላሟሉ ነው ብሎ የሚከራከር የለም። ውኃ የሚቋረጥበት ማዋለጃ ክፍል፣ መመርመሪያ ኬሚካል ያለቀበት ላቦራቶሪ፣ «ከውጭ ግዛ» የሚል የመድኃኒት ክፍል ለታካሚው የዘወትር ገጠመኝ ነው። የመንግሥትንና የግልን ተቋም የሚለያያቸው ከጉድለቱ ይልቅ ጉድለቱ ከታየ በኋላ የሚመጣው እርምጃ ነው።

ይህ ልዩነት በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ይበልጥ ጎልቶ የሚታይበት ምክንያት አለ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ቡና ይለቀማል። ሁለቱ ወቅቶች ይደራረባሉ። ለለቀማ ከሌላ አካባቢ የመጣው የጉልበት ሠራተኛ፣ እሸት ቡናውን ሸጦ እጁ ላይ ገንዘብ የገባለት ገበሬ፣ በመፈልፈያ ጣቢያ ቀንና ሌሊት የሚሠራው ወጣት በአንድ ሰሞን የአጋሮን፣ የሊሙ ገነትን፣ የሸቤንና የሰርቦን የሕክምና በሮች ያንኳኳሉ። ገንዘብ ያለው ወደ ግል ክሊኒክ ይገባል፤ የሌለው ወይም የመድን ደብተር የያዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ትኩሳቱ አንድ ነው፤ የሚያስፈልገው ምርመራም አንድ ነው፤ መንግሥት ለሁለቱ በሮች የጻፈው የደረጃ መርህም አንድ ነው። አፈጻጸሙ ግን ሁለት ሆኗል፤ በግሉ ላይ ቅጣት፣ በመንግሥቱ ላይ «ድጋፍ»። እንዲህ ያለው ቁጥጥር የመንግሥት ተቋም ታካሚን ያለ ጠባቂ ያስቀራል፤ የግሉንም ባለቤት ደረጃን በወረቀት ብቻ እንዲያሟላ ያስተምራል። መፍትሔው ጤና ጣቢያዎችን ማሸግ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ጥያቄው ሊታሸግ የማይችልን ተቋም እንዴት ተጠያቂ ማድረግ ይቻላል የሚለው ነው።

አንድ ሰነድ፣ ሁለት ንባብ

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176/1991 ትኩረቱ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ መድኃኒት ነበር። ምግብ፣ መድኃኒት፣ የጤና ባለሙያና የጤና ተቋም በአንድ የቁጥጥር ጥላ ሥር የተሰበሰቡት በጥር 2002 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 661/2002 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ ለየጤና ተቋሙ ዓይነት ዝቅተኛ መስፈርቶች በኢትዮጵያ ደረጃነት ወጡ። ከክሊኒክ ጀምሮ እስከ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድረስ እያንዳንዱ ተቋም ሊኖሩት የሚገቡት ክፍሎች፣ ባለሙያዎች፣ መሣሪያዎችና አሠራሮች ተዘረዘሩ። ሰነዶቹ ለአዲስም ለነባርም፣ ለመንግሥትም መንግሥታዊ ላልሆነም ተቋም እንደሚያገለግሉ በግልጽ ይናገራሉ። በሕጉ ፊደል ውስጥ ባለቤት አይለይም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባለሥልጣኑን በምግብና በመድኃኒት ላይ እንዲያተኩር ሲያደርገው የጤና ተቋማትና የባለሙያዎች ቁጥጥር ወደ ጤና ሚኒስቴር ተሻገረ። ለውጡ የመዋቅር ጉዳይ ተደርጎ ብዙም ሳያነጋግር አለፈ። ትርጉሙ ግን ቀላል አልነበረም፤ ጤና ጣቢያ የሚያስገነባው፣ ዕቅድ የሚያወርደውና የሚመራው ወገን ያንኑ ጤና ጣቢያ የሚፈትሽ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ዘርፉን ራሱን የቻለ ሕግ ሰጥቶታል። በአዋጁ ላይ የተደረገው የአደባባይ ውይይት ግን በአብዛኛው ያተኮረው በሕይወት ማቆያ መሣሪያና በአካል ልገሳ ላይ ነበር። ማን ማንን ይፈትሻል የሚለው ጥያቄ የዚያን ያህል ጆሮ አላገኘም።

በክልሎች ያሉ ተቋማትን የሚቆጣጠሩት ክልሎቹ ናቸው። በኦሮሚያም እንደ ሌሎቹ ክልሎች ሥራው ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳና ወደ ከተማ አስተዳደር ይወርዳል። በላይኛው እርከን የመሥሪያ ቤቱ ስያሜና ተጠሪነት ሊለዋወጥ ይችላል፤ በታች ያለው እውነታ ግን ብዙም አይለወጥም። የወረዳው የቁጥጥር ባለሙያ የውሎ አበል የሚፈቀድለት፣ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት የሚመደብለት፣ የሥራ አፈጻጸሙ የሚሞላለት ጤና ጣቢያዎቹን በሚያስተዳድረው በዚያው የወረዳ መዋቅር ውስጥ ነው። የጤና ጣቢያው ሥራ አመራር ቦርድም የወረዳው ሹማምንት የሚቀመጡበት ነው። ባለሙያው የጻፈው የጥፋት ሪፖርት ዞሮ የሚደርሰው በጥፋቱ ከሚጠየቁት አንዱ ጠረጴዛ ላይ ይሆናል።

አንድ ባለሙያ በአንድ ማለዳ ሁለት ቤት ይፈትሻል እንበል። መጀመሪያ በዋናው መንገድ ዳር ወዳለው የግል ክሊኒክ ይገባል። የዕቃ መቀቀያው ተበላሽቷል፤ በእጅ መታጠቢያው ውኃ የለም፤ በላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል ተገኝቷል። ቅጹን ይሞላል፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ቀነ ገደብ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ ካላስተካከለ ያሽጋል። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ጤና ጣቢያው ይሄዳል። መቀቀያው ተበላሽቷል፤ ውኃ የለም፤ ኬሚካሉ ጊዜው አልፏል። እዚህ የሚጻፈው «ግብረ መልስ» ይባላል። በመዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ኃላፊው ይፈርማል፤ ግልባጩ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይላካል፤ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ያው ዓረፍተ ነገር ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ይደገማል። ባለሙያው ፈሪ ወይም አድሏዊ ስለሆነ አይደለም። በእጁ ያለው መሣሪያ ሁለተኛውን ቤት አይቆርጥም።

ለመንግሥት ተቋማት የተዘረጋው የድጋፍ መንገድ ከንቱ ነበር ማለት ስሕተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሆስፒታሎች ለውጥ ማስፈጸሚያ መመሪያ፣ በ2012 የተጀመረው ሆስፒታሎችን በጥራት የሚያስተሳስረው ጥምረት፣ ከዚያም ንጹሕና ለታካሚ ምቹ ተቋም ለመፍጠር የተካሄደው ዘመቻ ሆስፒታሎች እርስ በርስ እንዲማማሩና እንዲፎካከሩ አድርገዋል። የታካሚ መቀበያ ተስተካክሏል፤ ግቢ ጸድቷል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ የባለቤት ሥራዎች ናቸው። አንድ ባለቤት ቤቱን ማሻሻሉ ይጠበቅበታል። ቁጥጥር ደግሞ ባለቤቱ ሳይፈልግም የሚመጣ የሌላ ወገን ዓይን ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሊተካ አይችልም፤ በመንግሥት ተቋማት ላይ የሆነው ግን ይኸው መተካት ነው።

የግሉ ባለቤት የሚማረው

ቅጣቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲያዘነብል የሚቀጣው ወገን የሚማረው ትምህርት የሚጠበቀው ዓይነት አይሆንም። የግል ክሊኒክ ባለቤት ጎረቤቱ ያለው ጤና ጣቢያ በተመሳሳይ ጉድለት ሳይነካ ሲኖር ያያል። ስለዚህ ደረጃውን የታካሚ ደኅንነት መለኪያ አድርጎ መውሰዱን ይተውና ፈቃድ ለማሳደስ የሚከፈል ግብር አድርጎ ይቆጥረዋል። ፍተሻው ሊመጣ ሲል ግድግዳ ይቀባል፤ የክፍሎች መለያ ጽሑፍ ይሰቀላል፤ ከጎረቤት መሣሪያ ይዋሳል። በሥራ ገበታው ላይ የማይገኝ ባለሙያ የምስክር ወረቀቱን ለሌላ ሰው አከራይቶ በግድግዳ ላይ በመስተዋት ውስጥ መታየቱ በአገሪቱ የመድኃኒት ችርቻሮ ንግድ ውስጥ ሲነገር የኖረ ችግር ነው። ለመቁጠር የሚቀለው ነገር፣ ማለትም የክፍል ብዛት፣ የወንበር ብዛት፣ የዲፕሎማ ብዛት፣ ይቆጠራል። ሕሙሙ በትክክል ተመርምሯል ወይ? ያልታመመበትን መድኃኒት ተሰጥቶታል ወይ? ይህን ለመፈተሽ ጊዜም ሙያም ይጠይቃል።

በትናንሽ ከተሞች ደግሞ ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላ እውነታ አለ። ቀን በጤና ጣቢያ የሚሠራው ጤና መኮንን ወይም ነርስ ከሥራ ሰዓት በኋላ በግል ክሊኒክ ተቀጥሮ ሊሠራ ይችላል። እጁ ያው እጅ ነው። ጠዋት ጓንት ሳይቀይር ሁለተኛ ታካሚ ቢነካ ጉድለቱ «የሥልጠና ክፍተት» ይባላል፤ ማታ ያንኑ ቢያደርግ ክሊኒኩን የሚያሳሽግ ጥፋት ይሆናል። ባለሙያው ከዚህ የሚረዳው ጥፋቱ በእጁ ላይ ሳይሆን በሚሠራበት ቤት ላይ እንደሚመዘን ነው።

ማሸግ ራሱም ዋጋ አለው። በለቀማ ሰሞን፣ ወባው በበረታበት ሳምንት፣ አንድ ክሊኒክ ቢዘጋ ታካሚው ወደ ተሻለ ቤት ይሄዳል ብሎ መገመት ሞኝነት ነው። ጤና ጣቢያው በሰልፍ ተጨናንቋል። ስለዚህ በገበያ ቀን እንክብል በፌስታል ይዞ ወደሚሸጥ ሰው ወይም በሰፈር ውስጥ መርፌ ወደሚወጋ «አዋቂ» የሚሄዱ ይኖራሉ። እነዚህን ደግሞ የቁጥጥር ቅጹ አያውቃቸውም፤ የሚፈተሽ ክፍል የላቸውም፤ የሚታሸግ በርም የላቸውም። ፈቃድ አውጥቶ በአደባባይ የሠራው ተቀጥቶ ያላወጣው በስውር የሚያተርፍበት ሥርዓት ሕጋዊነትን እያከሰረ ይሄዳል።

ስም የሌለው ስኒ

የጅማ ምድር ባለቤትን የማይለይ ምዘና ምን እንደሚመስል ያውቃል። ቡና ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ሲገበያይ፣ ከጭነቱ የተወሰደው ናሙና ወደ ቀማሾች የሚደርሰው በመለያ ቁጥር ነው። ቀማሹ ስኒው የማን እንደሆነ አያውቅም። የታዋቂ አቅራቢ ቡናም ሆነ ትናንት ሥራ የጀመረ የኅብረት ሥራ ማኅበር ቡና በአንድ ረድፍ ይቀመጣል፤ ይሸተታል፤ በማንኪያ ይቀመሳል፤ ነጥብ ይሰጠዋል። የተበላሸ ፍሬ ቁጥርና የስኒ ጣዕም ተደምረው ደረጃው ይወጣል። ውጤቱ «ይግባ» ወይም «ይዘጋ» የሚል ብቻ አይደለም፤ በመካከሉ ብዙ እርከኖች አሉ፤ እያንዳንዱ እርከን የራሱ ዋጋ አለው። ከደረጃ በታች የሆነው እንኳ ከደረጃ በታች ተብሎ ይጻፋል እንጂ ዝም አይባልም።

ከአጋሮ አጠገብ በጎማ ወረዳ ያለው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ሲባል ብዙዎችን አስገርሟል። የጅማ ቡና ለብዙ ዘመን በፀሐይ የደረቀ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ቡና ተደርጎ ይታይ ነበርና። ማኅበሩን እዚያ ያደረሰው የመዘጋት ማስፈራሪያ አልነበረም። እርጥብ መፈልፈያ ጣቢያ ተተከለ፤ የአሠራር ምክር ተሰጠ፤ ለተሻለ ቡና የተሻለ ዋጋ ተከፈለ። በመጨረሻ ላይ ግን የፈረደው ባለቤቱን የማያውቅ ምላስ ነው። ድጋፉና ፍርዱ በተለያዩ እጆች ስለነበሩ ፍርዱ ተአማኒ ሆነ።

ጤና ጣቢያ እንደ ቡና ናሙና ስሙ ተሸፍኖ ሊፈተሽ እንደማይችል የታወቀ ነው። ፈታሹ ሕንፃውን ያያል፤ ሠራተኞቹን ያውቃቸዋል፤ ምናልባትም አብሮ የተማረ ይሆናል። ከቡናው የሚወሰደው ትምህርት ግን በሌላ መንገድ ሊሠራ ይችላል። የሊሙ ኮሳን ጤና ጣቢያ ከዴዶ የመጣ ቡድን፣ የዴዶውን ደግሞ ከጌራ የመጣ ቡድን ቢፈትሽ ፈታሹ የሚያየውን ሰው ነገ በአለቃው ቢሮ ውስጥ አያገኘውም። የተሞላው ቅጽ ለውሳኔ ሲቀርብ የተቋሙ ስምና ባለቤትነት በመለያ ቁጥር ቢተካ፣ የዞኑ ኮሚቴ ለዚህ ነጥብ የሚገባው እርምጃ የትኛው ነው የሚለውን ብቻ ይወስናል። ከስንት ነጥብ በታች ማስጠንቀቂያ፣ ከስንት በታች እግድ እንደሚመጣ አስቀድሞ ተጽፎ ከተቀመጠ፣ የስልክ ጥሪና የአማላጅ ቦታ ይጠብባል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል የሚል መልስ ይመጣል። ይፈልጋል። ነገር ግን አሁንም ገንዘብ እየወጣ ነው፤ የሚወጣው ግን ያንኑ ግብረ መልስ በየሩብ ዓመቱ ለመገልበጥ ነው።

ሊታሸግ የማይችለው

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የሚነሳው ከታላቁ ተቋም ነው። በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት መሠረት አንድ ጤና ጣቢያ ከ15 እስከ 25 ሺህ ሕዝብ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 እስከ 100 ሺህ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። መነሻው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ሆስፒታል የሆነው የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ግን ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደሚጠጋው ሲገለጽ ቆይቷል። ይህም ለአንድ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከታሰበው የላይኛው ጣሪያ ሦስት እጥፍ ነው። ተጠሪነቱ ለዩኒቨርሲቲው እንጂ ለዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤት አይደለም። እንዲህ ያለውን ተቋም ማን ያሽጋል? ቢታሸግስ ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከመቱ በአምቡላንስ የመጣች ወላድ ወዴት ትሂድ?

ተቃውሞው እውነት ነው፤ የሚያረጋግጠው ግን ማሸግ ብቸኛ መሣሪያ መሆን እንደሌለበት ነው። ሌላ አማራጭ የሌለው ታካሚ ያለበት ተቋም የበለጠ ቁጥጥር እንጂ ያነሰ ቁጥጥር አይገባውም፤ ታካሚው በእግሩ ሄዶ ቅሬታውን የሚገልጽበት ሌላ በር የለውምና። መላ ተቋሙን ከመዝጋት ይልቅ አንድ አገልግሎትን ማገድ ይቻላል። መቀቀያ የሌለው ጤና ጣቢያ ቁስል መስፋቱን አቁሞ የእርግዝና ክትትሉን ሊቀጥል ይችላል። ቅጣቱም ወደ ትክክለኛው ሰው ሊላክ ይገባዋል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ የውኃ ታንከር ለመግዛት በጀት ካላገኘ ማስጠንቀቂያው በስሙ መጻፉ ፍትሕ አይደለም፤ በጀቱን በከለከለው የወረዳ አስተዳደር ስም ሊጻፍና ለወረዳው ምክር ቤት ሊነበብ ይገባል። የግሉን ባለቤት በስሙ የሚጠራ ሕግ የመንግሥቱን ባለቤት በስሙ ለመጥራት ለምን ያፍራል?

እንግሊዝ በዚህ ረገድ የምታሳየው ነገር አላት። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን የመንግሥትን ሆስፒታል፣ የግሉንም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቱንም በአንድነት ይፈትሻል፤ በአራት እርከን የተከፈለ ውጤቱንም ለሕዝብ ያወጣል። በ2013 የሞት መጠናቸው ያሳሰባቸው 14 የሆስፒታል አስተዳደሮች ተፈትሸው 11ዱ በልዩ ክትትል ሥር ሲገቡ አንዱም በሩን አልዘጋም፤ ጫናው ያረፈው በአመራሮቻቸው ላይ ነበር። ያ ኮሚሽንም ከወቀሳ ነፃ አይደለም፤ ቀድሞ ማየት የነበረበትን ዘግይቶ አይቷል ተብሎ ደጋግሞ ተተችቷል። ቢሆንም የሚፈትሸው ተቋም ባለቤት አይደለም።

ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኬንያ ልምድ ነው። በካካሜጋ፣ በኪሊፊና በሜሩ ካውንቲዎች ያሉ የመንግሥትና የግል የጤና ተቋማትን ሁሉ፣ በድምሩ 1,348ቱን፣ ያካተተ ሙከራ ተካሂዶ ነበር። በዕጣ በተመረጡ አካባቢዎች ያሉት ተቋማት በአንድ የጋራ ቅጽ ተደጋጋሚ ፍተሻ ተደረገባቸው፤ እንደ ነጥባቸው የማስተካከያ ጊዜ ተሰጣቸው፤ ፈቃድ የሌላቸው ተዘጉ። የታካሚ ደኅንነት አጠባበቅ በመንግሥቶቹም በግሎቹም ተሻሻለ፤ በግሎቹ ላይ ግን ይበልጥ። ታካሚዎች ከኪሳቸው የሚያወጡት ገንዘብ አልጨመረም፤ ወደ ሕክምና መሄዳቸውንም አልቀነሱም፤ ከፊሎቹ ከግል ወደ መንግሥት ተቋም ተዛወሩ። ከዚህ ሁለት ነገር ማንበብ ይቻላል። አንደኛው፣ የመንግሥት ተቋም በጀት ስለሌለው ፍተሻ አይለውጠውም የሚለው ክርክር እንደሚባለው ጽኑ አለመሆኑ ነው። እጅ መታጠብ፣ ስለታማ ቆሻሻን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ጓንት መቀየር ከበጀት ይልቅ የሚያይ ዓይን የሚሹ ተግባራት ናቸው። ሁለተኛው፣ ታካሚው የመንግሥት ተቋምን ሲመርጥ ተቋሙ ለዚያ ምርጫ ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጥለት ሰው እንደሚያስፈልገው ነው።

በኢትዮጵያ ያንን ምርጫ ግዴታ ያደረገው ደግሞ መድን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከኦሮሚያ ከተመረጡት አራት ወረዳዎች አንዱ የቡናው ሊሙ ኮሳ ነበር፤ ሌሎቹ ጊምቢቹ፣ ኩዩና ደደር ናቸው። የሊሙ ገበሬ ከአገሪቱ ቀድመው መዋጮ ከፍለው ደብተር ከያዙት መካከል ነው ማለት ነው። መድኑ ውል የሚገባው በዋናነት ከመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ጋር ነው። አባሉ መጀመሪያ በአካባቢው ጤና ጣቢያ መታየት አለበት፤ ወደ ሆስፒታል የሚሄደው ሪፈር ሲጻፍለት ነው። ገንዘቡን አስቀድሞ ስለከፈለ በእግሩ የሚፈርድበት ዕድል ከማንም በላይ ጠቧል።

መድኑ ግን ያለው ኃይል ትልቅ ነው፤ ከፋይ ነውና። ተቆጣጣሪው ሊያሽግ የማይደፍረውን ቤት መድኑ ክፍያ በማዘግየት፣ በመቀነስ ወይም ውሉን በማጥበቅ ሊያናግረው ይችላል። ጤና ጣቢያዎች የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው ማሻሻያ እንዲጠቀሙ ስለተፈቀደላቸው የሚቀርባቸው ገንዘብ በቀጥታ ይሰማቸዋል። ውሉ ሲታደስ የውጭ ቡድን የሰጠው የፍተሻ ነጥብ አባሪ ይሁን፤ ነጥቡ ከተወሰነው በታች የወረደ ጤና ጣቢያ ባለበት ቀበሌ ያለው አባል በዚያው ደብተር ወደ ጎረቤት ጤና ጣቢያ፣ ወይም ደረጃውን ወዳሟላ የግል ክሊኒክ፣ ያለ ሪፈር እንዲሄድ ይፈቀድለት። ነጥቡም በተቋሙ በር ላይ ታካሚው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ በትልቁ ይለጠፍ። ማንበብ የማይችለው እንዲለየው ቀለም ይጨመርበት፤ አዲስ አበባ ውስጥ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተሞክረው የለ?

ይህ እስኪሆን ድረስ የሊሙ ኮሳው ገበሬ ቡናውን ሸጦ መዋጮውን ይከፍላል። ልጁ በትኩሳት ሲያዝ ደብተሩን ይዞ ወደ ተመደበለት ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ተሰልፎ ይታያል፤ መድኃኒቱ የለም ተብሎ ወረቀት ይጻፍለታል። ወረቀቱን ይዞ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ግል መድኃኒት መደብር ይገባና ከኪሱ ከፍሎ ይገዛል። ያ መደብር መድኃኒት ሳይኖረው፣ ባለሙያው ሳይገኝበት ወይም ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ቢገኝ ይታሸጋል።